ሞፈር ከተሰቀለ በኋላ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የትዳር ጓደኛን የመጦር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ መነሻው ከሩቅ አገር ነው። በብሪታንያ ሕግ፣ ደመወዝ ያላት ሚስት ሥራ ላቆመ ባሏ የግል ጡረታ ሂሳብ ገንዘብ ልታስገባለት ትችላለች። ባልየው ምንም የሥራ ገቢ ባይኖረውም፣ 75 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በዓመት 2,880 ፓውንድ ቢገባለት መንግሥት 720 ፓውንድ ጨምሮ 3,600 ያደርስለታል። በካናዳም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አንዱ የትዳር ጓደኛ በሌላው ስም በተከፈተ የጡረታ ቁጠባ ላይ ማዋጣት ይችላል፤ ተጠቃሚው 71 ዓመት የሚሞላበት ዓመት እስኪያልቅ ድረስ በሩ ክፍት ነው። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ አንደኛው ጡረታ ወጥቶ ሌላኛው ገና በሥራ ላይ ሲሆን፣ «ላንተ ላዋጣልህ ወይስ ለራሴ?» እያሉ ይመካከራሉ።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ብንመጣ ምን መልስ እናገኛለን? የሕጉ መልስ አጭር ነው። በኢትዮጵያ የጡረታ አዋጆች ውስጥ ሚስት ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ የጡረታ መዋጮ የሚከፍሉበት አንቀጽ የለም። የታሪኩ መልስ ግን ረዘም ይላል። በእነዚህ ወረዳዎች የትዳር ጓደኛ፣ ሌላው ጉልበቱ ከደከመ በኋላ፣ ማዋጣቱን አቁሞ አያውቅም። የሚያዋጣው ግን በጉልበት፣ በከብትና በመሬት ስለሆነ በገንዘብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው ይህ መዋጮ በየዘመኑ በየትኛው ሰነድ ላይ ብቅ እንዳለና በየትኛው ላይ እንደ ተሰወረ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ጡረታ» የተባለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እሱም ከግእዙ «ጾረ» ይወርዳል፤ ተሸከመ ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ተሸካሚውና ሸክሙ፣ ጧሪውና ተጧሪው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው አረጋውያን ሲመርቁ የሚመኙት ሰው እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ሲያረጅ የሚያበላውን፣ ሲሞት የሚቀብረውን፣ ከዚያም ተዝካሩን የሚያወጣለትን ሰው ነው። ዛሬ «ጡረታ ወጣ» ስንል ግን አንድ ሰው ብቻ እናያለን፤ ከመሥሪያ ቤቱ በር የሚወጣውን። ጧሪው ከቃሉ ውስጥ የት ገባ? ይህ ቋንቋዊ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ምድሩ እንውረድ። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለው ደጋ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ነው፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ወደ አባይና ወደ በሽሎ በረሃ ሲወርዱ ጤፍና ማሽላ ይከተላሉ። ደጋውም ቆላው በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ እርሻው በጥማድ በሬ የሚታረስ ነው፤ በልማዱም እርፍ የሚጨብጠው ወንድ ነው። ሴት ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ ታከማቻለች፤ ማረስ ግን አታርስም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ «ጡረታ» የሚገባው የሠራተኛው ዕድሜ 60 ሲሞላ ሳይሆን፣ አባወራው ሁለቱን በሬዎች መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። በዚያን ቀን ሞፈርና ቀንበሩ ይሰቀላል፤ ወይም ለልጅ ይሰጣል። ሚስቲቱ በአብዛኛው ከባሏ በዕድሜ ታንሳለች፤ የእርሷ ሥራ በዚያ ቀን አይቆምም። እንዲያውም ይበዛል።

ያ ቤት ታዲያ በምን ይኖር ነበር? ከ1967 በፊት መልሱ ርስት ነው። በበጌምድር እንደ ጎጃም ሁሉ የርስት መብት ከአባትም ከእናትም ወገን ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ባለመብት ነበረች። አለን ሆበን በአባይ ማዶ በጎጃም ደጋ ዳሞት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው ጥናት የዚህን ሥርዓት አሠራር በዝርዝር አሳይቷል። ደጋ ዳሞት ጋይንት አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር መጠንቀቅ አለብን። አንድ ነገር ግን ለሁለቱም ወገን የጋራ ነው፤ ባል በሚስቱ ርስት ሊያርስ ይችል ነበር። ሚስቲቱ ወደ ባሏ አገር ብትሄድም ከወላጆቿ ወገን የሚደርሳት መሬት አብሯት «ይሄዳል»፤ ባሏ በስሟ ይጠይቃል፣ በስሟ ይሟገታል፣ በስሟ ያርሳል። አርጅቶ ማረስ ሲያቅተው ያ መሬት ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ምርቱ ግማሽ በግማሽ ይካፈላል። የሚስቲቱ ርስት፣ በዛሬ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ለሁለቱም እርጅና የገባ መዋጮ ነበር።

የሴቶች የመሬት መብት በቃል የቀረ ወግ ብቻ እንዳልነበረ ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን ሰነዶች ላይ ባካሄዳቸው ጥናቶች አሳይቷል። በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉት የሽያጭ፣ የስጦታና የኑዛዜ ሰነዶች ሴቶችን ሻጭ፣ ገዢና ሰጪ አድርገው ይጠቅሳሉ። እርግጥ በእነዚህ ሰነዶች ላይ በብዛት የምናየው መኳንንቱንና መኳንንታቱን ነው፤ የስማዳ ገበሬ ሚስት ስሟ በወንጌል ኅዳግ ላይ አይጻፍም ነበር። የእርሷ ሰነድ ሽማግሌና ዋስ ነው።

ይህም ወደ ጋብቻ ውል ያመጣናል። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም የዚህ አገር የጡረታ ታሪክ ግማሹ በጋብቻ ታሪክ ውስጥ የተቀበረ ይመስለኛል።

ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይታወቃል። የመጀመሪያው በሰማንያ የሚደረገው ነው። በሰማንያ ጋብቻ የሁለቱ ወላጆች ከብትና ገንዘብ ተመጣጣኝ አድርገው ያዋጣሉ፤ ሁለቱ የያዙት በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፤ ቢፋቱ እያንዳንዳቸው ይዘው የመጡትን ይወስዳሉ፣ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ትዳር ራሱ በመዋጮ ይጀመራል ማለት ነው። ሁለተኛው የደመወዝ ጋብቻ ነው፤ ሴቲቱ በወርም ሆነ በዓመት የተቆረጠ ክፍያ ትቀበላለች፣ ከሀብቱ ግን ድርሻ የላትም። እግረ መንገዴን ላንሳው፦ ያን ጊዜ ደመወዝ ያላት ሴት ለእርጅናዋ ምንም መብት የሌላት ነበረች፤ ደመወዝ የሌላት፣ ግን ድርሻ ያላት፣ የእርጅና ዋስትና ነበራት። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል።

ሦስተኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። በቁርባን የተሳሰሩ ባልና ሚስት በሞት እንጂ በሽማግሌ አይለያዩም። ከካህናት ወገን በቀር በወጣትነቱ ቆርቦ የሚያገባ ጥቂት ነበር። ብዙ ባለትዳሮች ግን በሰማንያ ተጋብተው፣ ልጆች ወልደውና ድረው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ አብረው ይቆርቡ ነበር። ይህ ልማድ እስከ ዛሬም አልጠፋም። የሃይማኖቱ ትርጉም ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የተተወ ነው። እኔ የማየው የታሪክ ባለሙያ ሊያየው የሚገባውን ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ሰዎች ሊፈርስ የሚችለውን ውል ወደማይፈርስ የሚለውጡት ልክ የአንዳቸው ጉልበት በሚደክምበት ወቅት መሆኑን ነው። በሰማንያ ያለች የ50 ዓመት ሴት፣ ማረስ ያቃተውን ባሏን ፈትታ ድርሻዋን ይዛ ወደ ወንድሞቿ አገር መሄድ ትችላለች፤ ባልም እንዲሁ የታመመች ሚስቱን። ከቆረቡ በኋላ ያ በር ተዘግቷል። ሁለቱም ከዚያ በኋላ የሚያወጡት ጉልበት ለሌላው እርጅና እንደሚውል ያውቃሉ። በእኔ አስተያየት ይህ የጡረታ ውል ነው፤ ብቸኛ ትርጉሙ ነው ግን አልልም።

አንዱ ከሞተ የቀረው ብዙ ጊዜ ይመነኩሳል። ቆብ የጫነች አሮጊት ከልጆቿ ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች፤ መሬቷን ለሚጦራት ልጅ ወይም ዘመድ ትተዋለች። እዚህ ላይ ነው ጧሪ የሚለው ቃል ሙሉ የሕግ ኃይል የነበረው። መሬት የወሰደው ጧሪ ካላበላ፣ ካላለበሰ፣ ተዝካር ካላወጣ፣ ሌሎች ወራሾች በሽማግሌ ፊት ሊሟገቱት ይችላሉ።

በዚህ ዓለም ላይ ነው በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 የወጣው። መንግሥት ከዚያ በፊትም ላገለገሉት ማደሪያ መሬት ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ነገር መዋጮው ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ከመቶ 6 ይከፍላሉ፤ ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም በየወሩ አበል ይቀበላል፤ ሲሞት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ድርሻ ይተላለፋል። በጋይንትና በእስቴ ያኔ ይህ የሚመለከተው መምህሩን፣ ፖሊሱን፣ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊና መሰሎቻቸውን ነበር፤ ማለትም በጣም ጥቂት ቤቶችን። በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞች ሲሰፋ እንኳ ገበሬው ውጭ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛውም እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ 48 ዓመት ሙሉ ውጭ ቆየ።

አዋጁ ቃሉን ሲወስድ ከሁለቱ ሰዎች አንዱን ብቻ ወሰደ። ተጧሪው «ባለ መብት» ሆነ፤ ጧሪው ፈንድ ሆነ። ሚስት በአዋጁ ውስጥ የምትታየው በባሏ ሞት ማግስት ነው፤ ባልም በሚስቱ። ሁለቱም በሕይወት እያሉ፣ አንዱ ደክሞ ሌላው እየሠራ በሚኖሩባቸው ዓመታት፣ በሕጉ ዓይን ሌላኛው የለም።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሚገርመው የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ይህ አዋጅ በትዳር ሕግነት አይታወቅም፤ የሚታወቀው መሬትን የሕዝብ በማድረጉ፣ ሽያጭን፣ ውርስን፣ ዋስትናንና ኪራይን በመከልከሉ ነው። የርስት አገር በሆኑት እንደ በጌምድር ባሉ ግዛቶች ገበሬው በወቅቱ የሚያርሰውን ይዞ እንዲቆይ ደነገገ፤ በቅጥር ሰው ማሳረስንም ከለከለ። ነገር ግን ለዚህ ክልከላ ልዩ ሁኔታ አደረገ። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴትን አስወጣ፤ ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ደግሞ ሚስቱን፣ ባሏን ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከክልከላው አስወጣ። እንደገናም ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት በመጀመሪያ የሚያልፈው ለትዳር ጓደኛና ለትንንሽ ልጆች ነው አለ።

ይህን አንቀጽ ስታነቡ ቀስ በሉ። «ሲያረጅ» የሚለው ቃል እዚያ አለ። በሕይወት ያለ፣ ግን ማረስ ያቃተው ሰው፣ እና የእርሱን ይዞታ በሰው ጉልበት እያሳረሰች ሁለቱንም የምታኖር የትዳር ጓደኛ፤ የጡረታ አዋጁ ያላያትን ሴት የመሬት አዋጁ አያት። አርቃቂዎቹ ይህን አስበውበት ይሁን ወይም እግረ መንገዳቸውን ያስገቡት፣ ውጤቱ አንድ ነው። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጽፈው በአብዛኛው የአባወራውን ስም ነበር። ስለዚህ መብቱ በአዋጁ ላይ ኖሮ በመዝገቡ ላይ አልነበረም።

የ1977ቱን ድርቅ፣ ከዚያም የተከተለውን ሠፈራ እዚህ አልዘረዝርም፤ በሌሎች ብዙ ተጽፏል። ለእኛ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ በሬው ያለቀበት ቤት ውስጥ እኩል አራሽ ማግኘትም ከባድ ሆነ፤ ወጣቱም ለሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ መሄድ አዘወተረ። ጧሪ ይሆናል የተባለው ልጅ ወቅታዊ ተጓዥ ሆነ። ሽክሙ ወደ ትዳር ጓደኛ ተመለሰ።

በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ነው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን የታዩት። የባልና የሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 133/1998 ይዞታን በኑዛዜና በስጦታ ማስተላለፍን በዝርዝር ደነገገ። በሰማንያ በቃል ይባል የነበረው እኩልነት ወረቀት አገኘ። ሽማግሌው ባል የጋራ ይዞታቸውን ብቻውን ለፈለገው ሰው እንዳይሰጥ፣ ሚስቲቱም እርሱ ሲሞት ግማሹ የራሷ እንደሆነ እንድታሳይ ያስቻላት ይህ ደብተር ነው። «እየጦርኩት ነው፣ ስለዚህ ሰጠኝ» የሚለው ክርክር አልቀረም። እንዲያውም ወደ ፍርድ ቤት ገባ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ፤ የጡረታ ታሪክ ለማጥናት ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የመሬት መዝገቦች ሂዱ።

አሁን ወደ ርእሴ እምብርት ደርሻለሁ። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ይህን ፕሮግራም ብዙዎች የምግብ ዋስትና ጉዳይ አድርገው ነው የሚያጠኑት። እኔ እንደ ጡረታ ሰነድ አነበዋለሁ።

የመመሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የሚታሰበው ድጋፍ 15 ኪሎ ግራም እህል ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ነው። በለውጡ 5 የሥራ ቀን ይጠበቃል፤ የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ ማለት ነው። ሥራው እርከን መሥራት፣ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ መትከል፣ ኩሬ መቆፈር ነው። ነገር ግን 5ቱ ቀን የሚቆጠረው በአባል ቁጥር ነው፤ መሥራት የሚችለው አባል መሥራት ለማይችለው አባል ይሠራለታል፤ አንድ ሰው በወር ሊሠራ የሚችለው ቀን ጣሪያ ተበጅቶለታል።

በምናባችን አንድ ቤት እናስብ። ባል 72 ዓመት፣ ሚስት 57 ዓመት፤ ልጆቻቸው ወጥተዋል። ሁለት አባል ናቸው፤ ስለዚህ በወር 10 የሥራ ቀን፣ 30 ኪሎ እህል። ባልየው መሥራት አይችልም። 10ሩንም ቀን የምትሠራው ሚስቲቱ ናት። 5ቱ ቀን ለእርሷ ነው፤ የቀሩት 5ቱ ለእርሱ። በስሙ ድንጋይ ትሸከማለች፣ በስሙ እርከን ትሠራለች፣ በስሙ 15 ኪሎ ይገባል። ሥራ ካቆመ የትዳር ጓደኛ ጡረታ ላይ ማዋጣት ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በለንደን ያለችው ሚስት በባንክ የምታስተላልፈውን፣ በስማዳ ያለችው በጀርባዋ ታስተላልፋለች። የጋይንቷ መዋጮ ከዓለም የጡረታ ሕጎች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ቢቀመጥ፣ ከሁሉም ግልጹ ይመስለኛል፤ የተዋጣው ቀን፣ የተዋጣለት ሰውና የተገኘው ጥቅም አንድ በአንድ ይታወቃሉና።

ልዩነቱም ግን መታየት አለበት። የለንደኗ መዋጮ ይጠራቀማል፤ የስማዳዋ በወሩ ይበላል። በ62 ዓመቷ እርሷም ስትደክም ያን ሁሉ ዓመት በባሏ ስም የሠራችው ቀን የትም አልተቀመጠላትም። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ፤ ይህ ሥራ የማይጠየቅበት ክፍል ነው፤ ጉልበት ለሌላቸውና ሌላ ደጋፊ ለሌላቸው ተብሎ የተዘጋጀ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ለቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ክፍያው ዓመቱን ሙሉ ሆኗል፤ ቀድሞ ለስድስት ወር ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን መስፈርቱን ልብ በሉ፤ ቤቱ ወደ ቀጥታ ድጋፍ የሚገባው የመጨረሻው ጉልበት ሲያልቅ ነው። ከሁለቱ አንዷ መቆም እስከ ቻለች ድረስ ጧሪ አለ ይባላል። ጧሪዋ እርሷ ናት።

እስካሁን የገበሬውን ቤት ነው የተናገርሁት። በከተሞቹ ያለው ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። የነፋስ መውጫ የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ የመካነ ኢየሱስ የግል ክሊኒክ ነርስ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡረታ አላቸው ተባለ። መዋጮው ደረጃ በደረጃ አድጎ ሠራተኛው ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ሆነ። ሁለቱ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና 1268/2014 ተተክተዋል።

በ2003ቱ ቀመር ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ ሲቪል ሠራተኛ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው ከመቶ 70 ነው። 30 ዓመት ያገለገለ መምህር እንግዲህ ከመቶ 55 ይደርሰዋል። አማካይ ደመወዙ ለስሌት ያህል 10,000 ብር ቢሆን አበሉ 5,500 ብር ነው። ሲሞት ለሚስቱ የአበሉ ግማሽ፣ 2,750 ብር ይቀራል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሚስቲቱ ምን አዋጣች? ሕጉ ምንም ይላል። እውነቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የብዙ መምህር ቤት በደመወዝ ብቻ አልቆመም፤ ጠላ የጠመቀች፣ እንጀራ የሸጠች፣ በጓሮዋ አትክልት ያለማች ሚስት ነበረች፤ የባሏ ደመወዝ ከመቶ 7 ተቆርጦ ቤቱ ያልተራበው በእርሷ ገቢ ነው። ባሏ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠላዋን አላቆመችም። የተቆረጠው መዋጮ በእርሱ ስም ነው፤ የሸፈነችው ጉድለት ግን ስም የለውም። እርሷ ቀድማ ብትሞት የሚተላለፍላት ነገር የለም፤ ምክንያቱም በስሟ የገባ ምንም የለም።

የበለጠ የሚያመው የ9 ዓመቱ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በ2003 ስለሆነ፣ ያን ጊዜ 51 ዓመት የሞላው ሰው 60 ሲሞላው 9 ዓመት ብቻ ነው ያዋጣው። ወርሃዊ አበል ለማግኘት 10 ዓመት ያስፈልጋል። የቀረችውን አንድ ዓመት ሚስቱ ከራሷ ገቢ ልክፈልለት ብትል የሚቀበላት መስኮት የለም። መዋጮ ከደመወዝ ጋር ይሞታል። አዋጅ ቁጥር 715/2003 መደበኛ ባልሆነ ዘርፍ የተሠማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፍቷል፤ እርሷ ለራሷ ልትገባ የምትችልበት ሐሳብ አለ ማለት ነው። ለእርሱ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ለጡረታ ሕጉ ማመስገን ተገቢ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስትን በሕግ አያወራርስም፤ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ውርስ ለልጆች፣ ለወላጆች፣ ለሌሎች ዘመዶች ይሄዳል፤ የትዳር ጓደኛው የሚወስደው ከጋራ ሀብት የራሱን ግማሽ ነው። ያው ሕግ ግን በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ የሚከፈል ጡረታ የውርስ ሀብት አካል አይደለም ይላል። ስለዚህ የጡረታ አበል ግማሽ፣ ሚስት «ሚስት በመሆኗ» ብቻ በሕግ ከምታገኛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ የሟቹ ወንድሞች ሊነኩት አይችሉም። ይህን ጥበቃ ማሳነስ አልፈልግም። የምለው በሕይወት ዘመን ያለው ክፍተት አሁንም ባዶ ነው ነው። የፌዴራሉም (213/1992) የክልሉም (79/1995) የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ሊደጋገፉና ሊረዳዱ እንደሚገባ ደንግገዋል፤ የጡረታ ሕጉ ይህን ግዴታ ወደ መዋጮ መስኮት አላመጣውም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ይህ ሁሉ ከተማ የለመደ ሰው ጭንቀት ነው፤ በገጠር ባልና ሚስት የእኔ የአንቺ አይባባሉም» ብሎ ተከራከረኝ። አይመስለኝም። በሰማንያ ከብቱን በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ ያስቆጠረ ሕዝብ፣ በሚስቱ ርስት ሲሟገት «በእገሊት ወገን» ብሎ የሚጀምር ሕዝብ፣ መዋጮን በስም መቁጠር ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር። ያላወቀው መቁጠርን ሳይሆን የጡረታ መሥሪያ ቤቱን ቅጽ ነው። በእድርም ብትመለከቱ ይኸው ነው፤ ባልና ሚስት አንድ አባል ናቸው፤ ባል ሲደክም ወይም ሲሞት ወርሃዊውን ክፍያ ሚስት ትቀጥላለች፤ አባልነቱም አይቋረጥም። የእድር ዳኛ «ደመወዝሽ የት አለ?» ብሎ አይጠይቃትም።

የምርምር ሥራ ለምትጀምሩ ተማሪዎች ሁለት ነገር ልንገርና ልጨርስ። የመጀመሪያው የሴፍቲኔት የሥራ ቀን መቆጣጠሪያ መዝገብ ነው። በየቀበሌው በየወሩ የሚሞላው ይህ ወረቀት ማን ስንት ቀን እንደ ሠራና ቤተሰቡ ስንት አባል እንዳለው ያሳያል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ማን ለማን እንደ ሠራ ይወጣል። ይህ የሂሳብ ሠራተኛ ወረቀት ተብሎ የተናቀ፣ ለታሪክ ባለሙያ ግን ከወንጌል ኅዳግ ሰነድ የማያንስ ነው፤ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ያልተጻፈችው የገበሬ ሚስት እዚህ ተጽፋለችና። እንደ ወንጌሉ በብራና አልተጻፈም፤ እርጥበት፣ ምስጥና የቢሮ ቅያሪ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የአረጋውያን ቃል ነው። ስትጠይቁ «ማን ይጦርዎታል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም የልጁን ስም ይጠራል፤ ልጁ ሁመራ ከሄደ ዓመት ቢያልፈውም። ይልቅስ ባለፈው ክረምት መሬቱን ማን እንዳሳረሰ፣ ከእኩል አራሹ ጋር ማን እንደተዋዋለ፣ የእርከን ሥራ የወጣው ማን እንደነበረ ጠይቁ። ከዚያ ከጓዳው በኩል ያለውን ድምፅም አዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ቀን የምታስታውሰው እርሷ ናት።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።